ትርፍ

ሻርጃ አየር ማረፊያ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ሙሉእመቤት ቁጭ ብላ ከሻንጣዋ ፊት
ድስቱን ታወጣለች፣ ብርድ ልብሱን ትፈታለች፣
የወንድሟን ጫማ አንዱን እግር ይዛ «የቱን ልጣል?» ትላለች።
«ዘጠኝ ኪሎ ትርፍ አለሽ» አላት ባለ ሚዛኑ።
ስድስት ዓመት ሠርታ፣ መሽቶ እየነጋ ቀኑ፣
«ትርፍ አለሽ» ያላት ሰው እሱ ብቻ ሆነ፤
ትርፏም እዚያው ወለል ላይ፣ ለጠራጊ ድርሻ ሆኖ ባከነ።

እኔም ከዚያች ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ የለኝ፤
አንድ ሚዛን ነው፣ የሥጋ ቤት ዓይነት፣ ዓይኔን ስከድን የሚታየኝ።
ሮላ አደባባይ ጀርባ፣ ከፓኪስታኒው ልብስ ሰፊ ጥግ፣
ሁለት ክንድ ቦታ፣ ገመድ፣ ካርቶን፣ የፈቃድ ወረቀት እንደ ሕጉ ወግ፤
ሰው ወደ አውሮፕላን ሳይሄድ ሻንጣው የሚመዘንበት፣
የተረፈው በመርከብ የሚላክ፣ ማንም ሳያለቅስበት።

አሥራ ስምንት ሺህ ድርሃም። ቁጥሩን ስጽፈው እጄን አላበኝ።

የማዳሜ ልጅ ሱሄል፣ ገና ጢሙ ሳይጠና፣
የግመል ወተት በስልክ ሊሸጥ ሳሎን ሰው ጠራና
ግድግዳው ላይ ብርሃን አብርቶ ተራራ የሚመስል መስመር አሳየ፤
እኔ ውሃ ሳዞር ጆሮዬ ስንቱን ሰማ፣ ዓይኔ ስንቱን አየ!
«ገና ምንም አልሸጥንም» ሲል አጨበጨቡለት።
«ብትከስርስ?» አለ አንዱ። ሳቀ። «ሌላ እሞክራለሁ» ሲል ወደዱለት፤
ቴምሩ ከሳህኑ ሳያልቅ ሁለት ሚሊዮን ቃል ገቡለት።
«የዘር ገንዘብ» አሉት። ዘር! እኔ የማውቀው ዘር ጭስ ላይ ተሰቅሎ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣
ልጅ ቢርበው እንኳ የማይነካ ነበር፣ በእኛ ቤት ዱሮ።

ዓርብ ከሰዓት፣ ቡተይና፣ አልጋ በአልጋ በተደረበበት ክፍል፣
አሥራ አንድ ሴት ፊት ቆሜ ካርቶን ላይ መስመር ሣልኩ፣ ልክ እንደ ሱሄል።
መስመሬ ጠመመ። ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆየሁና
የሙሉእመቤትን ጫማ ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ ያውቋታልና።

ዘምዘም ሁለት ሺህ አለች፣ ጥርሷን ልታስተክል የያዘችውን፤
ትርሐስ የእቁብ ዕጣዋን፣ አራት ወር የጠበቀችውን።
ቦጌ የጆሮዋን ወርቅ አወለቀች፤ ቆይታ መልሳ አጠለቀችው፤
አልፈርድባትም፣ አውቃለሁ በስንት ሸሚዝ ካውያ እንደገዛችው።
«ዘር» ስል ደግሞ «ከየት ነሽ?» ያለችኝ አልነበረችም፤
ብሩ ነበር ዘሩ፤ ሌላኛው ትዝ ያላት የለችም።

እትዬ ሽታዬ ብቻ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዓረብ አገር የኖረች፣
ከላይኛው አልጋ ቁልቁል አይታኝ «ብትከስሪስ?» አለች።
የሱሄል መልስ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት።
የእኔ «ሌላ» የማን ጥርስ፣ የማን ዕጣ ነው የምሞክርበት?
«እከፍላለሁ» አልኩ። «በምን?» «በጉልበቴ።»
አሰላሁት፦ አሥራ ስምንት ወር ደመወዜን፣ ሳንቲም ሳታይ እናቴ።
ዝም አለች። ከትራሷ ሥር የተቋጠረ ሻሽ ፈታች፤
«ዋስ የለሽም፤ እኔ ነኝ ዋስሽ» ብላ ስድስት ሺህ ቆጠረች፤
ደረጃው ላይ ስደርስ ደግሞ «ካተረፍሽ ድርሻዬን!» ብላ ጮኸች።

ሚዛኑን ማክሰኞ ገዛሁ፤ ማታ ሰቀልነው፣ ሁላችን ልናይ።
«ልክ ነው ወይ?» ብላ ዘምዘም የተረፈውን ብር በፖስታው አንጠለጠለች መንጠቆው ላይ።
መርፌው ዜሮ ላይ ቀረ፤ ንቅንቅ አላለም።
ሽታዬ ሳቀች፦ «እሱ ዕዳ አይመዝንም።»

ቅዳሜ አንዲት ልጅ መጣች፣ ጎማው የወለቀ ሻንጣ እየጎተተች።
ሰላሳ ዘጠኝ ኪሎ። መርፌውን አየች። እኔን አየች።
«ትርፍ አለሽ» ልላት አፌን ከፈትኩና
«ግድ የለም፣ ቁጭ በይ» አልኳት፤ ገመዱን አነሣሁና።