የቆምኩበት ነጥብ

ጦሳ ጥላውን ሳይሰበስብ ወጣሁት የሆጤን ዳገት፣
ባለሦስት እግሩን ተከልኩ፣ ጭቃው በደረቀበት።
አሊጋዝ ዘንጉን ተሸክሞ፣ ከአጥር አጥር እየዘለለ፣
መስታወቱን ወደ እኔ ሲያዞር መሣሪያው ጢጥ አለ፦
መቶ ሜትር። ከሰሜን ወደ ቀኝ ስልሳ ዲግሪ።
አጠገቤ እትዬ መሬማ፣ የባሕር ዛፉ ባለቤት፣ የድንበሩ መስካሪ።

ለእሳቸውማ ምን ይደንቃል? ዕድሜያቸውን ሲለኩ ኖረዋል፤
አገጫቸው አቅጣጫውን፣ ድምፃቸው ርቀቱን ይናገራል፦
ቅርብ ከሆነ "እዚያ" ነው፣ ቁጥብ፤
ራቅ ካለ "እዚያያያ..."፣ እስከ ሐረጎ ጥምዝ እንደ ገመድ የሚሳብ።

ማታ ቢሮ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን ተቀምጬ፣
ያችን መቶ ለሰሜንና ለምሥራቅ አካፈልኳት ቆርጬ፦
በኮሳይን ስትባዛ ለሰሜን ሃምሳ፣
በሳይን ለምሥራቅ ሰማንያ ስድስት ከስልሳ።

ሃምሳ ሽቅብ፣ ከዚያ በቀኝ ታጥፎ፣ ማን ይሄዳል በዚህ መንገድ?
ማዕዘኑ የሰው በረት ነው፣ ቀጥሎ ገደል፣ እንኳን ለሰው ለፍየል የሚከብድ።
ካርታ ግን እንዲህ ነው የሚወደው። የቆምኩበትን ደመርኩ፤
ዛፉ ቦታውን ያዘ፣
እኔ ከሥዕሉ ጎደልኩ።

ጠዋት ለእትዬ መሬማ ዘረጋሁላቸው፦ "ይኸውልዎ፣ ዛፉ።"
መነጽራቸውን አስተካክለው ጣታቸውን አስኬዱ እስከ ጫፉ፤
ቀና አሉ። አገጫቸው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት አጣ።

"የት ቆሜ ሳየው?" አሉኝ።