የማንኪያዬ ልክ

ሻይ ሻጭ ነኝ ፒያሳ፣ ከባጃጁ ተራ፣
ስምንት ዓመቴ ነው ከጎህ ቀድሜ ስሠራ።
የሰው ማንኪያ አውቃለሁ፤ ለሾፌሩ ሦስት፣
ለዘበኛው፣ በብርድ ላነጋው፣ አምስት።
የራሴን ግን ቆጥሬ አላውቅም፤
ከብርጭቆው ታች የቀረውን በጣቴ ጠርጌ ስልስ
ማንም አያየኝም።

ስድስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል፣ በባዶ ሆዴ በጠዋት፣
ሆስፒታል አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሰጡኝ፣ በሳቅ ጠጣሁት፤
"ይኼማ የእኔው ሻይ ነው፣ ቅጠሉን ረስታችሁት!"
ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ደሜን ቀዱ።
ሲስተር ማስተዋል ወረቀቱን አይታ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች፤
"የእርግዝና ስኳር ነው፣ ፈንታነሽ" አለች።

የሽማግሌ ነው ስል፣ የባለጠጋ ነው ስል፣
ምነው እኔን፣ ከንጋት እስከ ማታ በእግሬ ቆሜ ስውል?
"ዓይነ ጥላ አይደለም፣ ቅጣትም አይደለም፤
የእንግዴ ልጁ ጠባይ ነው፣ ስኳሩ ከደምሽ በወጉ አይወጣም፤
የተረፈው ወደ ልጁ ይሻገራል።
እሱ ደግሞ ማንኪያ አይቆጥርም።"

ረቡዕ ዘጠኝ ሆነን ተቀመጥን በዚያች ጠባብ ክፍል፣
ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከወለቃም አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ ብርቄ የምትባል።
ሲስተር በካላንደር ጀርባ ትልቅ ሰሃን ሳለች፣
ግማሹን ጎመንና ቆስጣ፣ ሩቡን ምስር ወይ ዕንቁላል፣ ሩቡን እንጀራ አለች።
"እንጀራሽን ማን ነክቶ? ክምሩን ነው እንጂ!
ከበላሽ በኋላ ደግሞ ሃያ ደቂቃ መንገድ ሂጂ።"

"ጎመን ሲወደድስ?" አለች ብርቄ።
ዝም አልን።
ሲስተርም ዝም አለች። ከዚያ፣ እንደ ማፈር ብላ፣
"ሽምብራ ቀቅለሽ አንድ እፍኝ... ያም ካልሆነ ንገሪኝ።"

ብርቄ ካላንደሩን በስንዝር ለካች፣ ምንም ሳትናገር፤
በሳምንቱ ዘጠኝ ሰሃን፣ በገለባ ጠቅልላ፣
በአህያ ጭና መጣች ከወለቃ ሰፈር።
ጭቃው ሳይደርቅ በፊት መስመር አስምራ፣
ግማሽ፣ ሩብ፣ ሩብ፤
"ማንበብ ላልሆነላት እጇ ነው የሚመራ።"

አማቴ እትዬ አንጓች ገንፎውን መሃሉን ምሳ፣ ቅቤና ማር ሞልታ፣
"ለሁለት ነው የምትበዪው! ልጁን ልታስርቢው ነው?" ብላ ተቆጥታ፣
ሰሃኑን አየችው። በጥፍሯ መስመሩን ተከተለች።
"ይቺ ለማን ናት?"
"ለልጅ ልጅዎ" አልኳት።
ብዙ ቆይታ ነጠላዋን አነሳች፤
"የቁስቋምን ዳገት ነው አይደል? ብቻሽን አትወጪውም" አለች።
እሷ ቀድማ ደከመች፣ እኔን ወቀሰች።
በማግስቱም መጣች።

ወለድኩ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። በስድስተኛው ሳምንት ዳግም
ያንኑ ጣፋጭ ጨለጥኩት፤ አሁን ግን አልሳቅሁም።
"ቢጠፋም ደጅሽን ያውቀዋል፣ በየጊዜው ተመርመሪ" ብላኛለች ሲስተር።
አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዓት። ልጄ ጡቴ ላይ ነው፤
የሱን ማንኪያ አልቆጥርም።
እሱ ይጠባል፣
እኔ እጠብቃለሁ።