የሐሙስ ሾርባ

ቅዳሜ ሲመሽ ነው፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣
የላይፕሲግ ነፋስ ዣንጥላ ሲገነጥል፣
ቢጫ ወረቀት ያዘለች፣ ዋጋዋ የተቀነሰ
አንዲት ዶሮ ገዛሁ፤ ቀኗ ሊያልፍ የደረሰ።
አምስት ዩሮ ከሃያ። ደረሰኙን አጥፌ
ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት፣ ከላዩ እንዲህ ጽፌ፦
«እስከ ሐሙስ ትበቃለች።»

ትርሐስ አንብባ ሳቀች፤ የሆስፒታል ጫማዋን እያሰረች
«ዶሮ ናት እኮ፣ በሬ መሰለችህ?» ብላኝ ለሌሊት ሥራ ወረደች።

እኔ ዘንድሮ ሥራ ፈት ነኝ፤ ፋብሪካው በሩን ዘግቶ
እጄ ከብሎን ወደ ሽንኩርት ተዛወረ፣ ሙያ ሽቶ።
በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው ማማሰያ የጨበጥኩት፣
የመጀመሪያውን ድስት ከነክዳኑ ያቃጠልኩት።

ያኔ አጥንት ልጥል ስወርድ ወይዘሮ ሊንድነር አገኘችኝ፣
ከረጢቱን ገልጣ አየች፤ እንደ ሌባ አፈጠጠችብኝ።
«ይሄ ነው ቆሻሻህ?» አለች። «ልጅ ሆኜ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ
አንድ አጥንት ሦስት ቤት ይዞር ነበር፣ በክር ታስሮ እንደ ዕቃ።
የሚጣለው ሲያልቅ ነው እንጂ፣ ስለሰለቸህ አይደለም።»
ከዚያ ወዲህ አጥንት ከቤቴ በነጻ ወጥቶ አያውቅም።

እሑድ ጠበስኳት፤ ጭኗን በላን፣ ድንች ከጎኗ ደርድሬ።
ሰኞ ፍርምባዋን ዘለዘልኩ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ ጨምሬ።
ማክሰኞ…
ማክሰኞን ተዉት። ሩዙ ሙጫ ሆነ።

ረቡዕ ጾም ነው፤ ዶሮዋም በብርድ ቤቷ ሱባኤ ገባች፤
የድንች ልጣጭ በፈንታዋ ዘይትና ጨው ተቀብታ ተጠበሰች።
ያ ሙጫ ሩዝ ከተረፈ ምስር ጋር ተድበልብሎ
ጥርስ ላይ ኩርሽም አለ፣ ትናንት እንዳልተሰደበ ሁሉ ኮርቶ፣ በስሎ።
ለካ ጥፋትም ይበላል።

ሐሙስ የቀረው ዐፅም ነው፤ አከርካሪ፣ የክንፍ ጫፍ፤
እሳት ቀንሼ ጣድኩት፣ ሌሊቱ በዝግታ እንዲያልፍ።
የካሮት ጭራ ገባ፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የሴለሪ ቅጠል፣
የደረቀ የዳቦ ጠርዝ፣ ሚስማር መምቻ የሚመስል።
ድስት ውስጥ ተገናኙ፤ አንዱ ላንዱ ጣዕሙን አበደረ፤
መስኮቱ በእንፋሎት ታወረ፤ ጎዳናው ከዓይን ተሰወረ።

ወይዘሮ ሊንድነር ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች። ወሰድኩላት፤ ቀመሰች፤
ማመስገን አትወድም፤ «ጨው» አለች። ሳህኑን ግን ጠርጋ መለሰች።

ትርሐስ ስትገባ ነጋ። ካፖርቷን እንኳ ሳትፈታ
ጠጣች፤ ዳቦ ነከረች፤ ደግማ ጠጣች፤ ዝም አለች ላንዳፍታ።
«ዛሬ ደግሞ ምን ገዛህ?»

ቀና ብዬ አየሁ፤ ደረሰኙ አሁንም እዚያው አለ፣
ጠርዙ በእንፋሎት ረጥቦ እንደ ቅጠል የተጠቀለለ።
«ምንም» አልኳት።

ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አወጣች፤ እየተንገዳገደች ተነሥታ
ከእኔ ጽሕፈት ሥር ጻፈች፣ የነርስ እጅ፣ የቸኮለ፣ አንድ አፍታ፦
«በሬ ነበረች።»