ሁለት ቃል ከሙዛ ደብተር

ሙዛ የቤት ሥራዋን ከካውያዬ ጎን ዘርግታ፣
መምህሬ ሆናለች፤ ሻርጃ፣ ዛሬ ማታ።
«‹ሊቭ› ማለት መኖር ነው፣ አልጋው የራስሽ ሲሆን፤
‹ስቴይ› ግን መቆየት፣ ሰላላ ሆቴል እንዳረፍን።
አንቺስ?» አለችኝ፣ እርሳሷን ነክሳ።
የካንዱራው አንገት ሊያርር ነበር፣ ካውያዬን ባላነሳ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያ የወተት ጥርሷን የነቀልኩ እኔ፤
በየሁለት ዓመቱ፣ በአባቷ ፊርማ፣ ይታደሳል ዘመኔ።
አልጋዬ? ሲነጋ ታጥፎ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ይገባል።

«ስቴይ» አልኳት።

ያልነገርኳት፦
ከባቲ ስነሳ «እማ፣ ቆዪኝ» ብዬ ነበር።
«ኑሪልኝ» አለችኝ።
እሷም አልቆየችኝ።
እኔም—

ሙዛ እጄ ላይ ኮከብ ለጠፈችልኝ፣
«አገኘሽው!» ብላ።