ኖራ

ነፋስ ሌሊት አድሮ፣ ቅርያት ያም ዳርቻ፣
ማዕበል የጣለው የባሕር አረም ብቻ።
ማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ ነው ይላል፤
እኔን በጆንያዬ ስሰበስብ ያያል።
በግራዬ ጭስ ነው፣ የሃይፋ ማጣሪያ፣
ጭሱ ለሰፈሩ የነፋስ መንገሪያ፤
መሐል ላይ እኔ ነኝ፣ ጎንበስ ቀና እያልኩኝ፣
ባሕርን በማጭድ የማጭድ መሰልኩኝ።

ቤተ ሙከራችን ከአውቶቡስ ጋራዥ ጀርባ፣
ጠባብ ናት፤ ድመት ነው ቀድሞን የሚገባ።
አረሙ ታጠበ፣ ጨው ወጥቶለት ደርቆ፣
ተፈጭቶ፣ በአሟሚ ታሽቶ፣ ተጨምቆ፣
አንድ ጆንያ ሙሉ ምን ይሰጣል ብትሉ፣
አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ያውም ከነአመሉ።

ስስታም ነው ባሕር።

ዘይት እንዲህ ናት አሉ ዶክተር ያርደና፣
ሦስት ረጃጅም ልጅ አቅፋ የያዘች ገና፤
አልኮሉ ደጅ ቆሞ "ልጅሽን ዳሪኝ" ቢላት፣
እምቢ ነው፤ ሙቀቱ ብቻ አያባብላት።
ሽማግሌ ይላክ።

አምና የላክነው ሶዳ ነበረ፣ ፈሳሽ፤
ገባና እዚያው ሟሟ፣ የነገሩ ተካፋሽ፣
ዳኛው ባለጉዳይ።
ሳሙና ሆነና አረፋ ደፈቀ፣
የሦስት ወር ልፋት እጅ ታጥበንበት አለቀ።

ዘንድሮ ግን ድንጋይ።
ዛጎል ነበረች እሷ፣ ባሕር ውስጥ ኖራ ኖራ፣
እሳት ገብታ ወጣች፣ ስሟም ሥጋዋም ኖራ።

ወለቃ ሸክላ ሠሪ ነበረች እናቴ፤
"እሳት አስኳል ይምሰል" ትል ነበር፣ በልጅነቴ።
የምድጃው ቆጣሪ የተበላሸ ለታ፣
በቀዳዳው አጮልቄ "ገና ነው" አልኩ በዕርጋታ፤
ዶክተሯም አመኑኝ፣
አስኳሉን ጠበቅን፣ ሁለታችን፣ እስከ ማታ።

"ድንጋይ ባሕር ቢኖር ልቡ ደረቅ" ይላሉ፣
ለስድብ ነው ሰዎች ሲሉት የሚውሉ፤
እኛ የምንሻው ግን ያንን ደረቅ ልቡን፣
ጤዛ እንኳ ከነካው ይረሳል ጥበቡን።

ስድሳ አምስት ዲግሪ፣ ማማሰያው ሲዞር፣
ነጩ ዱቄት ገባ በሁለቱ ድንበር።
በአንድ እጁ እያፋታ፣ በአንድ እጁ እያጋባ፣
ልጆቹን አስማምቶ ከአልኮል ቤት አስገባ።
እናት ግሊሰሪን ከታች ቀረች፣ ተኝታ፣
ከላይ ናፍጣችን፣ ቢጫ፣ ቀላል፣ ጠርታ።
ሽማግሌውማ አበል አልጠየቀ፣ ጠላ አልጠጣ፤
በማጥለያ ጨርቅ ለቀምነው፣ እንደገባ ወጣ።

"እንደገባ" ማለቴ ትንሽ ውሸት ነበር፤
በአምስተኛው ሠርግ ላይ ጀመር መደናገር፤
ደግሞ ወደ እሳቱ፣ ደግሞ እንደ መጀመር።

አኮ ወደብ ወረድን፣ ጠርሙሷን በፎጣ ጠቅልለን፤
አቡ ዋሲም ከጀልባው ሳቀ፣ "ሰላጣ ነው?" ብሎን።
ሞተሩ አሳለ፣ አሰበ፣ ተነሣ፤
አራት ደቂቃ ሄድን፤
ጭሱ ሸተተን፣ የተጠበሰ ዓሣ።
ከዚያ ጠፋ። በመቅዘፊያ ገባን፣ እየሳቅን፣
የስንት ጆንያ ወገብ እንደነደደ እያወቅን።

ማታ ምድጃውን ሳጠፋ፣ ሙቀቱ ገና አልወጣም፤
ድመቷ ተጠግታዋለች፣ ብጠራትም አትመጣም።
ጓንቴ ላይ ጭብጥ የማትሞላ፣ ነጭ፣ ደረቅ ዱቄት።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ብላ ብትጠይቀኝ እናቴ፣
ጎንበስ ብላ እንደ ልማዷ፣ እሳቱን አይታ በፊት፣
"ኖራ" እላት ነበር፤

እሷ ኖራ ቢሆን።