ሰባተኛው ጣሪያ

አማጋሳኪ ላይ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር፣
የሰኔ ዝናብ ሳያባራ፣ ሐዲዱ ጣሪያውን ሲያሸብር፣
ኦሪዬ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ካሴቱን ከፈተች፣ ሁለት ብሎን ነቅላ።
ውስጡ አንዲት የባትሪ ድንጋይ፣
የመቶ የን ሳንቲም የምታህል፣ ዳር ዳሯን ዝገት የላሳት፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ስም አዝላ
ወገቤን ያላለች፣ ማንም ያላስታወሳት።

«ይቺን ስነቅል ስሙም አብሮ ይነቀላል»
አለች ኦሪዬ፣ «ብዙው ሰው እሺ ይላል።»
ቺጉሳ እሺ አላለችም።
የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ከሥራ እንደ ወጣች፣
ነጭ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ መጣች።

ጌሙ ለስም የሚቆርሰው ሦስት ፊደል ነበር፤
ወንድሟ ናጹሂኮ ግን አራት ነው ሲቆጠር።
«ኮ» ደጅ ቀረች፣ በር እንደ ተዘጋባት እንግዳ፤
ማሽኑም ናጹሂ ብሎ ጻፈው፤ የተረፈው የማንም አይደል ዕዳ።
በአገሩ አፍ «የበጋ ፀሐይ» ማለት ነው፤
ለእኔ ጆሮ ግን፣ አልዋሽም፣ ንጹሕ ነው የሚለው።

ባለታሪኩ ጃንጥላ ጠጋኝ ነው፣ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘል፣
ቁመቱ ዐሥራ ስድስት ነጥብ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል።
ቶሞኤ የምትባል ልጅ በካሬ ወረቀት ላይ ሣለችው፤
ለዓይኑ ሰጠች፣ ለጫማው ሰጠች፣ ጃንጥላውን አስያዘችው፤
አፉ ጋ ስትደርስ ነጥቡ አለቀ።
ስለዚህ ሲወድቅ አይጮህም።

የሰባተኛው ጣሪያ ጫፍም ምሕረት አያውቅም፦
በመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ካልዘለልክ፣
አንዲት ነጥብ ካለፍክ፣
ቁልቁል ነህ።

ድርጅቷ ከሰረ። ሕንጻው ውስጥ ዛሬ ጥርስ ይነቀላል።
ከዚያ ጣሪያ የወደቁ ልጆች ግን፣ ልጅ መውደቁን የት ይረሳል፣
አድገው የየራሳቸውን ጌም ሲሠሩ
ጫፉን ለሳተ እግር፣ ለአንድ ጥቅሻ ያህል፣
አየሩን ትዕግሥት አስተማሩ።
ዛሬ የሚጫወት ሕፃን ባዶ ላይ ቆሞ ይዘላል፤
ማን እንደ ወደቀለት አያውቅም፤ «ጎበዝ ነኝ» ይላል።

ኦሪዬ ከሰሌዳው ጀርባ አዲስ ድንጋይ አስቀድማ በየደች፣
ከዚያ አሮጌዋን፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አወረደች።
ስሙ አልጠፋም። ሰባተኛው ጣሪያ። ነፍስ፦ ሁለት።
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፦ «መቼ ነው ያረፉት?»
«ማን? እሱማ ናጎያ መድን ይሸጣል!»
አለች ቺጉሳ፤ «ፀጉሩ አልቋል፤ ለዘመን መለወጫ ካርድ ይልካል፣
ስሜን እንኳ በእጁ ያልጻፈበት።»

ማታ ደወለች።
«ሰባተኛው ጣሪያ ላይ ቆመሃል» አለችው።
ዝም አለ። ከጀርባው ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር፤ አጠፋው።
«ጃንጥላው ተዘርግቷል ወይስ ታጥፏል?»
«ታጥፏል።»
«እንግዲያው አትንኪብኝ።»

እሑድም ዝናቡ እንደዚያው ነበር።
ቺጉሳ መሬት ላይ ተንበርክካ ሽቦ ስትፈታ፣
አቧራውን በጓንቷ ስትጠርግ፣
በሩ ተንኳኳ።
«ማነው?» አለች።
ከደጅ፣ ጃንጥላውን እያራገፈ፣
«እኔ ነኝ ኮ።»