ከወገብ በላይ አይወጣም

የመጨረሻው ትራም አለፈ፤ ብርኖ ዝም አለች፤
ከሰፈሩ መስኮት ሁሉ የእኔ አምፖል ብቻ ነቅታለች።
ጠረጴዛው ላይ አምስት ቁራጭ ደርድሬ፣
ግራ ክንዴን ገልጬ ዳኛ አስቀምጫለሁ ዛሬ።

ሠላሳ ዓመት ለቴአትር ቤት ኮርሴት ሰፍቻለሁ፤
የስንቱን ዘፋኝ ወገብ በጣቴ አውቃለሁ፤
ዳንቴል የት ጋ እንደሚቆረቁር፣
የትኛው ስፌት እንደሚያሳክክ፣ የትኛው ሰው እንደሚያሳፍር።
አሁን የምሰፋው ክር ግን ሌላ ነው፤
ኮረንቲ የሚሸከም፣ በጨለማ ገላን የሚያናግር ነው።

ደብዳቤው ከኦስትራቫ መጣ፤ ጸሐፊዋ ድራሆሚራ።
«እኔ ስልሳ አንድ፣ ባሌ ስልሳ ስድስት፤ አይፍረዱብን፣ አደራ፤
የገዛነው መታጠቂያ ጭኑ ላይ
ቀይ ሽፍታ ትቶ ሄደ፣ ሳምንት ሙሉ የሚታይ።
ደስታ ነበር የፈለግነው፤ ያተረፍነው የቅባት ዕዳ።»
ሳቅሁ። ኋላ ግን ሆዴ ባባ ለዚያች ለማላውቃት ባዳ።

ጥፋተኛውን አውቀዋለሁ፤ ኒኬል ነው ስሙ፤
መልከ መልካም እንግዳ፣ ሲገባ ወጉ፣ ሲወጣ ሕመሙ።
ከጠረጴዛው አወረድሁት።

መዳብ ለጋስ ነው፤ ኮረንቲን በር ላይ አያጉላላም፤
ግን ላብ ሲነካው አረንጓዴ ያለቅሳል፣ እድፉም ቶሎ አይለቅም።
እሱም ይውረድ።

የማይዝገው ብረት ታማኝ ነው፤ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፤
ግን እንደ ጥር የደጅ እጀታ በብርዱ ይቆነጥጣል፤
በሆዱም ያው ኒኬል አለ፣ ደብቆ የሚያኖረው፤
ለሌላ ሰው እሺ፤ ለድራሆሚራ ባል ግን አልደፍረው።

ብር አማረኝ። ብር ግን ያለ ብር አይገዛም፤
ለአንድ መታጠቂያ ሦስት ድውር፣ ለጥሩ ገላ አይበዛም፤
እጥበት ሲደጋገም ይጠቁራል እንጂ።
ለጠርዝ ትሁን ብዬ ጥቂት ክር አስቀረሁ።

የቀረው የካርቦን ጎማ፣
መልኩ የመኪና ምንጣፍ፣ ጠረኑ የቦት ጫማ፤
ማንም ለስጦታ አያስበው።
በጄል አርሼ ከክንዴ ውስጠኛው ጎን ለጠፍሁት፣
ቁልፉን በጥፍሬ ጫፍ፣ ቀስ ብዬ አዞርሁት።
አልነከሰኝም። መጀመሪያ ጉንዳን፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣
ቀጥሎ ስም የሌለው ነገር፣ ሲጠሩት የሚሸሽ።
አያጣድፍም፤ ሙቀቴን ተበደረ፤
ከአፍታ በኋላ የቱ ጎማ፣ የቱ ሥጋ፣ ድንበሩ ተሰወረ።

ስፋቱንም ለካሁ፦ ጠባብ ጫፍ መርፌ ነው፣ ይወጋል፤
መዳፍ ሲያክል ግን ያው ኃይል ወደ ዝናብ ይለወጣል።
ጠርዙን አከብበዋለሁ፤ ማዕዘን ቂም ይይዛል።

ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ሕግ አለ፤
ኦታካር ነው የጻፈው፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ጤናውም እያለ፦
«ከወገብ በላይ አይወጣም። ልብ የራሱ ኮረንቲ አለው።»
ያኔ አሹፌበት ነበር፤ «ይሄ ግጥም ነው ወይስ መመሪያ?»
አምና በልግ፣ ከደረቱ ቆዳ ሥር፣
የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ቀበሩለት፣ ልቡን የሚቆሰቁስ።
ከዚያ ወዲህ የገዛ እጃችን ሥራ ለቤታችን እርም ነው፤
ለሰው የምሰፋውን ደስታ እስከ ክንዴ ድረስ ብቻ ነው የማውቀው።

በሩ ሲጢጥ አለ። የሱፍ ሹራብ ደርቦ፣ በካልሲ እየተጎተተ፣
«የቱ አለፈ?» አለኝ።
«መልከ ጥፉው።»
«እንግዲያ በስም ደግፊዋ» ብሎ ሳቀ።
እጁን ሲዘረጋልኝ፣ ከሱፉ ይሁን ከምንጣፉ እንጃ፣
ጣቱ ጣቴን ሳይነካ ብልጭ አለና ቆነጠጠን፤
ሁለታችንም «ኧረ!» ብለን፣ እጃችንን ግን አልሰበሰብንም።

ሲተኛ ለድራሆሚራ ጻፍሁ፦
ጎማ፣ ጠርዙ በብር ክር። በለብታ ውሃ ይጠቡት።
በትንሹ ይጀምሩ፣ አስቀድሞ በክንድ ይሞክሩት።
ከወገብ በላይ አይወጣም።
ስሙን ገና አላወጣሁለትም።